ናሙናዎ በሕብረ ሕዋስ ላቦራቶሪ፦ ውጤቱ ለምን ቀናት ይወስዳል? ከተገልጋይስ ምን ይጠበቃል?

በሰውነት ላይ የወጣ እብጠት፣ ለረጅም ጊዜ ያልዳነ ቁስል ወይም በቀዶ ሕክምና የወጣ አካል ምንነቱ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በአብዛኛው በሕብረ ሕዋስ ምርመራ ነው። ካንሰርን ካንሰር ካልሆነ እብጠት የሚለየው፣ ዓይነቱንና የስርጭቱን መጠን የሚገልጸው፣ ሐኪሙም ሕክምናውን የሚወስንበት ማስረጃ ከዚህ ላቦራቶሪ ይወጣል። በመሆኑም የምርመራው መዘግየት ወይም የናሙናው መበላሸት ሕክምናው የሚጀመርበትን ጊዜ ይገፋል፤ አንዳንዴም ታካሚው ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ያስገድዳል።

ይህ ጽሑፍ የሕብረ ሕዋስ ላቦራቶሪ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን፣ ባለሙያዎች በሥራቸው ላይ ምን ተግባራዊ ችግር እንደሚገጥማቸው፣ እንዲሁም ተገልጋዮች ናሙናቸው ሳይበላሽ ውጤት ላይ እንዲደርስ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያብራራል።

አገልግሎቱ የሚገኘው የት ነው?

የሕብረ ሕዋስ ላቦራቶሪ ልዩ መሣሪያ፣ ልዩ ኬሚካልና ልዩ ሥልጠና የሚጠይቅ በመሆኑ በየጤና ጣቢያው የሚሰጥ አገልግሎት አይደለም። ለምሳሌ በኒፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለቡ አካባቢ የሚኖር ተገልጋይ በመጀመሪያ በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ይታያል፤ ምርመራው የሚያስፈልገው ሆኖ ሲገኝ በሪፈራል ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። በአዲስ አበባ እንደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ባሉ ተቋማት፣ በክልሎች ደግሞ እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የፓቶሎጂ ምርመራ ይሰጣል። አገልግሎቱን የሚሰጡ የግል ላቦራቶሪዎችም አሉ።

ናሙናው የተወሰደበት ተቋም የራሱ የሕብረ ሕዋስ ላቦራቶሪ ከሌለው ናሙናውን ወደ ሌላ ተቋም የማድረሱ ኃላፊነት ብዙ ጊዜ በታካሚው ወይም በአስታማሚው እጅ ይወድቃል። ከለቡ ተነስቶ በመካኒሳና በሳር ቤት አድርጎ ወደ መሀል ከተማ በታክሲ የሚጓዝ አስታማሚ የምርመራው አንድ አካል ሆኗል ማለት ነው። የያዘው ዕቃ ከፈሰሰ ወይም መለያው ከጠፋ በላቦራቶሪው ውስጥ ያለው ባለሙያ ሊያስተካክለው አይችልም።

ናሙናው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

የደም ወይም የሽንት ምርመራ የለመደ ተገልጋይ የሕብረ ሕዋስ ውጤት በዕለቱ ይደርሳል ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። ሆኖም ይህ ምርመራ ሊያጥሩት የማይችሉ ደረጃዎች አሉት።

የመጀመሪያው ደረጃ ናሙናውን ከመበስበስ መጠበቅ ነው። ከሰውነት የወጣ ሥጋ ደም ስለማይደርሰው ከደቂቃዎች በኋላ መለወጥ ይጀምራል። ይህን ለማቆም 10 በመቶ ፎርማሊን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። የፈሳሹ መጠን ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ቀስ ብሎ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል፣ ከዚያ በኋላም ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ትንሽ ናሙና እንኳ ለ6 ሰዓት ያህል መቆየት ይኖርበታል። እንደ ጡት ወይም ማሕፀን ያለ ትልቅ አካል ደግሞ በባለሙያ ካልተሰነጠቀ ውጪው ደርቆ ውስጡ ሊበሰብስ ይችላል። በቀዶ ሕክምና የወጣ ትልቅ ናሙና በዕለቱ ወደ ላቦራቶሪ መድረስ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ባለሙያው ናሙናውን ለክቶ፣ መልኩንና ቅርጹን መዝግቦ፣ መመርመር ያለባቸውን ክፍሎች መርጦ የሚቆርጥበት ነው። የተመረጡት ቁርጥራጮች በተከታታይ የአልኮል መጠኖች ውስጥ እያለፉ ውሃቸው ይወጣል፤ ቀጥሎ ዛይሊን በተባለ ኬሚካል አልኮሉ ይወገዳል፤ በመጨረሻም ከ56 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚቀልጥ የፓራፊን ሰም ይሞላሉ። ይህ ሥራ በመሣሪያ የሚከናወን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። በሰም ውስጥ የተቀበረው ናሙና ብሎክ ይባላል።

ሦስተኛው ደረጃ የእጅ ጥበብ ይጠይቃል። ብሎኩ ማይክሮቶም በተባለ መሣሪያ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት እንዲኖረው ሆኖ ይላጣል። አንድ ማይክሮን የ1 ሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል ነው፤ አንዲት የራስ ፀጉር ከዚህ ልጣጭ ከአሥር እጥፍ በላይ ትወፍራለች። ልጣጩ ለብ ባለ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ከተዘረጋ በኋላ በመስታወት ስላይድ ይነሳል። ከዚያም ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን በተባሉ ቀለሞች ይቀለማል፤ የሕዋሱ አስኳል ሰማያዊ፣ ቀሪው ክፍል ሮዝ መልክ ይይዛል።

በመጨረሻ የፓቶሎጂ ስፔሻሊስት ሐኪሙ ስላይዱን በማይክሮስኮፕ አይቶ ውጤቱን ይጽፋል። እንግዲህ ወረፋ ባይኖርና ሁሉም ነገር ቢሟላ እንኳ ሁለት ወይም ሦስት ቀን የግድ ነው። የአጥንት ናሙና ከሆነ ካልሲየሙ በአሲድ እስኪወጣ ተጨማሪ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ሐኪሙ ከአንዱ ብሎክ ተጨማሪ ልጣጭ ወይም ልዩ ቀለም ካዘዘም ሥራው ወደ ኋላ ተመልሶ ይደገማል።

በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ከዚህ የተለየ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በመርፌ የተሳበው ሕዋስ በቀጥታ በስላይድ ላይ ስለሚቀባ ውጤቱ ቶሎ ይደርሳል። ሆኖም የሕብረ ሕዋሱን ሙሉ አወቃቀር ስለማያሳይ ሐኪሙ ከመርፌው ውጤት በኋላ ባዮፕሲ ሊያዝ ይችላል። ይህ የመጀመሪያው ምርመራ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ባለሙያዎችን የሚገጥሟቸው ተግባራዊ ችግሮች

የኤሌክትሪክ መቋረጥ፦ ናሙናዎች በሌሊት በመሣሪያ ውስጥ እያሉ መብራት ቢጠፋ ሰሙ ሊረጋ፣ ናሙናውም በአንዱ ኬሚካል ውስጥ ከሚገባው በላይ ሊቆይ ይችላል። በአልኮልና በዛይሊን ውስጥ አብዝቶ የቆየ ናሙና ይደርቃል፤ በማይክሮቶም ሲላጥም ይፈረካከሳል። መሣሪያው ውስጥ በአንድ ጊዜ የብዙ ታካሚዎች ናሙና ስለሚኖር የአንድ ሌሊት ብልሽት የሚጎዳው ብዙ ሰው ነው። ስለዚህ ጄኔሬተርና የኃይል ማጠራቀሚያ ለዚህ ክፍል የቅንጦት ዕቃዎች አይደሉም።

የውሃ እጥረት፦ ስላይዶች በቀለም መካከል በሚፈስ ውሃ መታጠብ አለባቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ቀናት ላቦራቶሪው ውሃ አጠራቅሞ ካልጠበቀ የቀለም ሥራው ይቆማል ወይም ጥራቱ ይቀንሳል።

የግብዓት አቅርቦት፦ ፓራፊን ሰም፣ የማይክሮቶም ምላጭ፣ ቀለሞችና የናሙና መያዣ ካሴቶች በአብዛኛው ከውጭ ሀገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ቀሪዎቹ ቢኖሩም ሥራው አይጠናቀቅም። የደነዘዘ ምላጭ በልጣጩ ላይ መስመር ይጥላል፤ በመስመሩ ሥር ያለውን ሕዋስ ደግሞ ሐኪሙ ሊያነበው አይችልም።

የከፍታ ተጽዕኖ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የጡት ካንሰር ሆርሞን ተቀባይ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየውን ልዩ ምርመራ ለማድረግ ስላይዱ በሙቅ ፈሳሽ ውስጥ መቀቀል አለበት፤ ብዙዎቹ መመሪያዎች የሚጠይቁት ሙቀት ግን ከዚህ ይበልጣል። ባቄላ ቶሎ እንዲበስል በቤት ውስጥ የግፊት ድስት እንደምንጠቀመው ሁሉ ላቦራቶሪም በግፊት የሚሠራ ማሞቂያ ያስፈልገዋል። ለቆላ ከተማ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ በደጋ ከተማ ሳይፈተሽ ሥራ ላይ አይውልም።

የሥራ ላይ ጤንነት፦ የፎርማሊን ተን ዓይንን ያስለቅሳል፤ ጉሮሮንና ቆዳን ያቃጥላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በፎርማሊን ውስጥ ያለውን ፎርማልዴሃይድ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ዛይሊንም በቀላሉ የሚቀጣጠል ሲሆን ተኑ ራስ ምታት ያስከትላል። ባለሙያዎች በቂ አየር ማስወጫ፣ ጓንት፣ መነጽርና ጭምብል ያስፈልጓቸዋል። ተገልጋይ ወደ ሥራ ክፍሉ እንዳይገባ የሚከለከለውም በመጀመሪያ ለራሱ ጤንነት ሲባል ነው።

የባለሙያ ቁጥር፦ ብሎክ መላጥ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚያዝ ሙያ አይደለም፤ እጅ የሚሠለጥነው በጊዜ ነው። የፓቶሎጂ ስፔሻሊስትም ከሕክምና ዶክትሬት በኋላ ተጨማሪ ዓመታት ይሠለጥናል። በአንድ ክፍል ያለ አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ ሲታመም ወይም ፈቃድ ሲወጣ የወረፋው ርዝመት ወዲያውኑ ይታያል።

እነዚህ ችግሮች ተገልጋዩ የሚፈታቸው አይደሉም፤ መፍትሔያቸው የተቋማትና የመንግሥት ኃላፊነት ነው። ተገልጋዩ በራሱ አቅም ሊያስቀራቸው የሚችሉ ሌሎች ምክንያቶች ግን አሉ።

ናሙና ተመላሽ የሚሆንባቸው ምክንያቶች

የስም አለመጣጣም፦ ስምና የአባት ስም የሚጋሩ ብዙ ሰዎች አሉ። በተጨማሪም አንዱ ስም በአንዱ ወረቀት «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ተብሎ ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። በዕቃው ላይ ያለው ስም በመጠየቂያ ቅጹ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ ተቀባዩ ባለሙያ ናሙናውን ላለመረከብ ይገደዳል። ይህ ቢሮክራሲ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የአንዱ ሰው ውጤት ለሌላው ቢሰጥ ጤነኛው ጡቱን ሊያጣ፣ ታማሚው ደግሞ ሳይታከም ሊቀር ይችላል።

ያልተሟላ ቅጽ፦ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ናሙናው የተወሰደበት የሰውነት ክፍል፣ የሕመሙ ታሪክና ቀደም ሲል የተሰጠ ሕክምና ካልተጻፈ ስላይዱን የሚያነበው ሐኪም የሚመራበት ነገር አይኖረውም። አንድ ዓይነት ሕዋስ በ20 ዓመት ወጣትና በ60 ዓመት አዛውንት ላይ የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

ተገቢ ያልሆነ ዕቃና ፈሳሽ፦ ናሙና በተለምዶ ሃይላንድ በሚባለው የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ለስላሳው ሥጋ በጠባቡ አፍ ይገባል፤ በፎርማሊን ከጠጠረ በኋላ ግን ሳይቀደድ አይወጣም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ፎርማሊን እንደ ውሃ ቀለም የሌለው በመሆኑ ሕፃናት ውሃ መስሏቸው ሊጠጡት መቻላቸው ነው። በውሃ፣ በግሉኮስ ወይም በጨው ፈሳሽ የተቀመጠ ናሙናም ከመበስበስ አይድንም።

ሐኪምዎን አስቀድመው ይጠይቁ

በአንገት ወይም በብብት የወጣ እብጠት በሀገራችን ብዙ ጊዜ ከቲቢ ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል። ቲቢ ከተጠረጠረና የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምርመራ ካስፈለገ የናሙናው አንድ ክፍል ፎርማሊን በሌለበት ንጹሕ ዕቃ ለብቻው መቀመጥ አለበት፤ ፎርማሊን ባክቴሪያውን ስለሚገድለው ናሙናው አንዴ ከተነከረ በኋላ ይህን ምርመራ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ናሙና ከመወሰዱ በፊት «ለሌላ ምርመራ ተለይቶ የሚቀመጥ ክፍል አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ናሙናው የሚወሰደው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይም እንደ ገናና ፋሲካ ባሉ በዓላት ዋዜማ ከሆነ ተቀባዩ ላቦራቶሪ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። በተለይ የጡት ናሙና በፎርማሊን ውስጥ ከ72 ሰዓት በላይ ከቆየ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው አስተማማኝነት ይቀንሳል።

ናሙና ይዘው ሲሄዱ ሊያደርጓቸው የሚገቡ

1. ዕቃው ሰፊ አፍና ጠበቅ ያለ ክዳን ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። የታካሚው ሙሉ ስም ከነአያት፣ የካርድ ቁጥር፣ የናሙናው ዓይነትና ቀን በዕቃው አካል ላይ መጻፍ አለበት። ክዳኖች ሊቀያየሩ ስለሚችሉ በክዳን ላይ ብቻ የተጻፈ መለያ አያስተማምንም።

2. ከአንድ በላይ ዕቃ ከተሰጠዎት ቁጥራቸውን ይቁጠሩ፤ በቅጹ ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማቱን ከጤና ተቋሙ ሳይወጡ ያመሳክሩ።

3. ዕቃውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው አቁመው ይያዙ። የመጠየቂያ ቅጹን በሌላ ከረጢት ለብቻ ያድርጉ፤ በፎርማሊን የራሰ ወረቀት ሊነበብ አይችልም።

4. ፈሳሹን አይድፉ፤ ውሃም አይጨምሩበት። ሽታው ቢያስቸግርዎ ክዳኑን ያጥብቁ እንጂ አይክፈቱት።

5. በፎርማሊን ያለ ናሙና ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ በተለይ በረዶ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አያስቀምጡት። ፎርማሊን የሌለበት ናሙና ከተሰጠዎት ግን አያያዙ የተለየ ስለሆነ የሰጠዎትን ባለሙያ መመሪያ ይከተሉ።

6. በተቻለ መጠን በዕለቱ ያድርሱ። ቤት ማሳደር ግድ ከሆነ ሕፃናት በማይደርሱበትና ከምግብ በራቀ ቦታ ያስቀምጡ።

7. ፈሳሹ ቆዳ ከነካ በብዙ ውሃ ይታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ አጥበው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የጠጣ ሰው ካለ ለማስታወክ ሳይሞክሩ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ያድርሱት።

8. ሲያስረክቡ የተመዘገበበትን የላቦራቶሪ ቁጥርና የውጤት ቀን በጽሑፍ ይቀበሉ። የሚሠራ ስልክ ቁጥር፣ ቢቻል የሁለት ሰው፣ ያስመዝግቡ።

ውጤቱ ሲደርስ

ውጤቱን ከተቀበሉ በኋላ ምርመራውን ላዘዘው ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። በመሳቢያ ውስጥ የቀረ ውጤት እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ቀጠሮው የራቀ ቢሆንም ውጤቱ ከደረሰ ወደ ሐኪሙ መቅረብ እንደሚችሉ ይጠይቁ።

«ናሙናው በቂ አይደለም» የሚል ውጤት «በሽታ የለም» ማለት አይደለም። ምርመራው አልተጠናቀቀም፣ ናሙናው እንደገና መወሰድ አለበት ማለት ነው። ይህን ሳይገነዘቡ ተረጋግቶ ወደ ቤት መመለስ ውድ ጊዜ ያባክናል። ውጤቱ ከተነገረዎት ቀን ካለፈ ደግሞ የላቦራቶሪ ቁጥርዎን ይዘው ምክንያቱን የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ተጨማሪ ቀለም የታዘዘበት፣ ናሙናው የተደገመበት ወይም ግብዓት ያለቀበት ከሆነ ሊነገርዎት ይገባል። መልስ ካላገኙ የተቋሙን የቅሬታ ሰሚ ክፍል ያነጋግሩ።

ብሎክና ስላይድን በተመለከተ

ውጤት ከወጣ በኋላ ብሎኩና ስላይዱ በላቦራቶሪው ይቀመጣሉ። ሁለተኛ አስተያየት ሲፈልጉ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲዛወሩ ወይም ወደ ውጭ ሀገር ለሕክምና ሲሄዱ አዲስ ባዮፕሲ ከመስጠት ይልቅ ብሎኩን ወይም ስላይዱን በፊርማ መጠየቅ ይቻላል። ብሎኩ ሰም ስለሆነ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ስላይዱም መስታወት ነውና በጠንካራ መያዣ ይያዝ። ሥራው ሲጠናቀቅ ወደ ወሰዱበት ላቦራቶሪ ይመልሱ፤ ከዓመታት በኋላ ሕመሙ ቢያገረሽ ሐኪሙ የሚያመሳክረው ይህንኑ ብሎክ ነው።

ማጠቃለያ

ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች የካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀምሯል፤ ከማሕፀን በር ካንሰር የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባትም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩ ሲሆኑ ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው የመዳን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። «በጊዜ ተደረሰበት» የሚባለው ግን እብጠቱ ሲታይ ብቻ ሳይሆን ናሙናው ሳይበላሽ ደርሶ፣ ተነብቦ፣ ውጤቱም ወደ ሐኪሙ ሲመለስ ነው።

ላቦራቶሪው በቂ መብራት፣ ውሃ፣ ግብዓትና ባለሙያ እንዲኖረው ማድረግ የተቋማት ግዴታ ነው። ትክክለኛ ስም፣ ትክክለኛ ዕቃ፣ ያልፈሰሰ ፎርማሊንና በዕለቱ የተደረገ ርክክብ ደግሞ ናሙናውን የሚይዘው ሰው ድርሻ ነው። በጡትዎ፣ በአንገትዎ ወይም በሌላ የሰውነትዎ ክፍል አዲስ እብጠት ወይም ያልዳነ ቁስል ካለ በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ በመሄድ ይታዩ፤ ናሙና ከተሰጠዎትም በዚህ ጽሑፍ የተዘረዘሩትን ነጥቦች ከማስረከብዎ በፊት አንድ ጊዜ ያረጋግጡ።